ዳሱን ሊያፈርሰው ነበር፦ የዋግነር ደብዳቤዎችና የባይሮይት ኦፔራ ፌስቲቫል

ኦገስት 28 ቀን 1850 ማታ ነው። ሪቻርድ ዋግነር ከሚስቱ ከሚና ጋር ስዊዘርላንድ፣ ሉሰርን ከተማ፣ አንድ ማደሪያ ቤት ተቀምጧል። ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። በዚያው ሰዓት ጀርመን ውስጥ፣ ቫይማር ላይ፣ «ሎሄንግሪን» የተባለው ኦፔራው ለመጀመሪያ ጊዜ እየታየ ነው። የደረሰው እሱ ነው፤ ግን ሄዶ ማየት አይችልም። ባለፈው ዓመት ድሬስደን ላይ በተነሳው አመጽ እጁ አለበት ተብሎ የእስር ማዘዣ ወጥቶበታል። ጀርመን ከገባ ይያዛል። ስለዚህ ሰዓቱን እያየ አሁን ጀመሩ፣ አሁን እዚህ ደርሰዋል፣ አሁን አለቀ እያለ በሐሳቡ ይከተላቸዋል።

(ቀኑንም ዓመቱንም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ካልሆነ ደብዳቤዎቹ ይምታቱብናል።)

ይህችን ማታ ያነሳኋት ከሷ በኋላ ለመጣው ነገር፣ ባይሮይት በምትባል የጀርመን ከተማ ለሚካሄደው የኦፔራ ፌስቲቫል መነሻ ለሆነው ሐሳብ ነው። ከ17 ቀን በኋላ፣ ሴፕቴምበር 14፣ ዋግነር ፓሪስ ለሚኖር ኪትስ ለሚባል ሠዓሊ ወዳጁ ደብዳቤ ጻፈ። ሴፕቴምበር 20 ደግሞ ድሬስደን ለቀረው ለኡህሊግ ጻፈ፤ ኡህሊግ የቤተ መንግሥቱ ኦርኬስትራ ቫዮሊን ተጫዋች ነው። የሁለቱም ደብዳቤ ነገር አንድ ነው። እንደኔ አባባል ላሳጥረው፦ 10,000 ታለር (የያኔው የጀርመን ገንዘብ) ባገኝ እዚሁ ዙሪክ አጠገብ፣ አንድ ጥሩ ሜዳ ላይ፣ በጣውላና በግንድ ቲያትር አቆማለሁ። የሚሆኑኝን ዘፋኞች ከያሉበት እጠራለሁ። በጋዜጣ አስነግራለሁ፤ የሚወድ ሁሉ ይምጣ፣ መግቢያ ነጻ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ እናሳያለን። ከሦስተኛው በኋላ ቲያትሩ ይፈርሳል፣ ኖታውም ይቃጠላል። ወደዳችሁት? እንግዲህ እናንተም እንደዚሁ አድርጉ። ለኡህሊግ ሲጽፍ መጨረሻ ላይ ያበድኩ አልመሰለህም ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ቢመስልህም ይህን ማድረስ የሕይወቴ ተስፋ ነው ይለዋል።

እኔ ይህን ሳነብ ወዲያው የታየኝ ዳስ ነው። ሠርግ ሲደርስ ሜዳ ላይ የሚጣለው፣ ከእንጨትና ከቅጠል የሚሠራው፣ እንግዳ ከፍሎ የማይገባበት፣ ድግሱ ሲያልቅ የሚፈርሰው ዳስ። ሰውዬው የፈለገው ኦፔራ ቤት አይደለም። ዳስ ነው የፈለገው።

ለምን? ድሬስደን የንጉሡ ቲያትር ውስጥ ስድስት ዓመት የሙዚቃ መሪ ሆኖ ሠርቷል። የቋሚ ቲያትርን ኑሮ ከውስጥ ያውቀዋል። ዛሬ አንዱ ኦፔራ፣ ነገ ሌላው፤ ልምምዱ ጥድፊያ ነው፤ ባለሥልጣኑ ሳጥን መሳይ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ ጎረቤቱን ያያል እንጂ መድረኩን አያይም። ለዋግነር የችግሩ ሥር ቋሚነቱ ነበር። ቤቱ ቋሚ ስለሆነ በየማታው መሞላት አለበት፣ በየማታው እንዲሞላ ደግሞ የተገኘው ሁሉ ይታያል። ዳስ ግን ለአንድ ነገር ብቻ ነው የሚጣለው።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። የሚወድ ሁሉ ይምጣ ብሎ በጻፈበት በዚያው ወር፣ በሴፕቴምበር 1850፣ ይኸው ሰው በብዕር ስም ተደብቆ አይሁድ በሙዚቃ ውስጥ ምንም ቦታ የላቸውም የሚል አስቀያሚ ጽሑፍ በአንድ የሙዚቃ መጽሔት ላይ አውጥቷል። ከ19 ዓመት በኋላ ደግሞ በገዛ ስሙ አሳተመው። እስራኤል ያላችሁ አንባቢዎች የዚህን ጣጣ ታውቁታላችሁ፤ በ2001 የኦርኬስትራ መሪው ዳንኤል ባረንቦይም ኢየሩሳሌም ላይ ከኮንሰርቱ ማብቂያ በኋላ የዋግነር ሙዚቃ ሲያስጫውት አንዳንዱ እየጮኸ፣ በሩን እየወረወረ ነበር የወጣው። የደብዳቤዎቹ ሰውና የዚያ ጽሑፍ ሰው አንድ ናቸው።

ወደ ዳሱ እንመለስ። በ1850 ምን ሊያሳይበት ነበር? ስለ ጀርመን ተረት ጀግናው ዚግፍሪድ ሞት የጻፈው የግጥም ድርሰት አለው፤ ሙዚቃው ገና ነው። ብር የለውም። ሀገርም የለውም። በሚቀጥለው ዓመት ግን ነገሩ ተለጠጠ። ኖቬምበር 12 ቀን 1851 እንደገና ለኡህሊግ ጻፈለት፤ አንዱ ኦፔራ አራት ሆኗል፣ «የኒቤሉንግ ቀለበት» የሚባሉት አራቱ። ይህን ሥራ ከአብዮቱ በኋላ ካልሆነ ማሳየት አይታሰበኝም አለ። አብዮቱ ሲመጣ ሠሪውንም ሰሚውንም እሱ ያመጣልኛል፤ ያኔ ራይን ወንዝ ዳር ቲያትር አቆማለሁ፣ አንድ ዓመት አዘጋጃለሁ፣ ከዚያ በአራት ቀን ሙሉውን አሳያለሁ። ደብዳቤው ከተጻፈ ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ፓሪስ ላይ የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሉዊ ናፖሊዮን ሥልጣኑን በመፈንቅለ መንግሥት ጠቀለለው፤ የአብዮቱም ነገር አበቃ። ኡህሊግም ብዙ አልቆየ። በ1853 መጀመሪያ ላይ፣ በ30 ዓመቱ፣ ሞተ።

ከዚህ ወዲያ ባለው አሥር ዓመት ዋግነር የሚፈልገው ሰው ተቀየረ። በ1863 የአራቱን ኦፔራዎች ግጥም ሲያሳትም በመግቢያው ላይ ዕቅዱን ደግሞ ዘረዘረው፤ ትንሽ ከተማ፣ ጊዜያዊ የእንጨት ቲያትር፣ ከዓይን የተሰወረ ኦርኬስትራ። ለገንዘቡ ግን አሁን አብዮት አልጠበቀም። አንድ ልዑል ያስፈልጋል አለ፤ ይህ ልዑል ይገኝ ይሆን?

የሚገርመው ተገኘ። በማርች 1864 የባቫሪያን ዙፋን የወረሰው ሁለተኛው ሉድቪግ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነው፣ የዋግነርን መጻሕፍት ሲያነብ ያደገ። መጀመሪያ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ሰውዬውን ማፈላለግ ነበር። የንጉሡ ጸሐፊ በየከተማው ሲፈልግ ቆይቶ ሽቱትጋርት ላይ አገኘው፤ ዋግነር ከአበዳሪዎቹ ተደብቆ ነበር። የንጉሡ ስጦታ አንድ ፎቶግራፍና አንድ ቀለበት ነው። አስቡት፣ በር ሲንኳኳ ዕዳ ጠያቂ መስሎህ ስትከፍት የንጉሥ ቀለበት!

እዚህ ላይ ታሪኩ ማለቅ ነበረበት። አላለቀም። ንጉሡ ሙኒክ ላይ ትልቅ የድንጋይ ቲያትር ሊያሠራለት ፈለገ፣ ታዋቂው አርኪቴክት ጎትፍሪድ ዜምፐርም ነደፈው። የሙኒክ ሰው ግን የዋግነርን ወጪና ጣልቃ ገብነት አልወደደም። በ1865 መጨረሻ ንጉሡ ራሱ ከተማዋን ልቀቅ ብሎ አሰናበተው። ቲያትሩም ወረቀት ላይ ቀረ። ይባስ ብሎ ሉድቪግ መጠበቅ አቃተውና ከአራቱ ኦፔራዎች የመጀመሪያዎቹን ሁለት፣ አንዱን በ1869 ሌላውን በ1870፣ ዋግነር እየተቃወመ ሙኒክ ላይ አሳያቸው። ብሩን የሰጠው ሰው እኔ ባልኩት ጊዜ ይሁን አለ ማለት ነው።

የባይሮይት ነገር የመጣው ከዚህ ብስጭት ነው። በማርች 1870 ዋግነር ኢንሳይክሎፒዲያ ገልጦ ስለ ባይሮይት አነበበ። ባቫሪያ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ከ1748 ጀምሮ የቆመ፣ መድረኩ በጣም ሰፊ የሆነ የመሳፍንት ኦፔራ ቤት አላት። በሚቀጥለው ዓመት ሄዶ አየው። ቤቱ ያምራል፣ ዛሬ ዩኔስኮ መዝግቦታል፤ ለዋግነር ግን አልሆነውም። መድረኩ ሰፍቶ የሰውና የኦርኬስትራው ቦታ ጠበበ። ከተማዋ ግን ሆነችው።

ለምን እንደሆነችው ኖቬምበር 1 ቀን 1871 ለፍሪድሪኽ ፎይስቴል በጻፈው ደብዳቤ ተቀምጧል። ፎይስቴል የባይሮይት ባንከርና የከተማው ምክር ቤት ዋና ሰው ነው። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያበደ ሰው አታገኙም፤ ቦታ የሚመርጥ ነጋዴ ነው የምታገኙት። ከተማዋ ቋሚ ቲያትር ያላት ትልቅ ከተማ መሆን የለባትም። ሀብታም በጋውን የሚያሳልፍባት የታወቀች የፍል ውሃ ከተማም መሆን የለባትም። ከጀርመን መሀል መራቅ የለባትም። የባቫሪያ መሆን አለባት። የመጨረሻዋን ልብ በሉ። ከንጉሡ ሸሽቶ እንኳ ከንጉሡ ግዛት አልወጣም። የባይሮይት ሰዎችም አላቅማሙ፤ መሬቱን በነጻ ሰጡት።

አሁን ብሩን ማን ያምጣ? ዕቅዱ 300,000 ታለር ነው። እያንዳንዱ 300 ታለር የሆነ 1,000 የደጋፊነት ሰርተፊኬት ይሸጣል፤ አራቱ ኦፔራዎች ሦስት ዙር ይታያሉ፣ የገዛ ሰው በሦስቱም ዙር መቀመጫ አለው። ስሌቱን ሠራሁት። እንዲህ ያሉ 34 ወረቀቶች ቢሸጡ የ1850ው ዳስ ወጪው ተሸፍኖ ትርፍ ይኖረዋል። በነጻ ግቡ ያለው ሰው አሁን ለአንድ ወንበር 300 ታለር እየጠየቀ ነው። አቅም የሌለው ምን ያድርግ? ማንሃይም ላይ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጥ ኤሚል ሄከል የሚባል ሰው መላ አመጣ። አድናቂዎቹ ማኅበር መሥርተው ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ፣ በተጠራቀመው ሰርተፊኬት ይገዛሉ፣ ከዚያ ዕጣ ይጣጣላሉ። ዕጣ የወጣለት ባይሮይት ይሄዳል። እኛ ዕቁብ የምንለው ነው እንግዲህ፣ ሌላው ተራው ባይደርሰውም።

ከገዢዎቹ መካከል አንዱን ስታነቡ ቆም ትላላችሁ። የግብጹ ከዲቭ (ገዢ) እስማኤል ፓሻ። ካይሮ ላይ በ1871 «አይዳ» የተባለውን የቬርዲን ኦፔራ፣ ያውም ስለ አንዲት የኢትዮጵያ ልዕልት የሚተርከውን፣ ያሠራው ሰው። ሠራዊቱን ወደኛ ልኮ በኖቬምበር 1875 ጉንደት ላይ፣ በማርች 1876 ጉራ ላይ በአፄ ዮሐንስ የተደቆሰውም እሱ ነው። በዚሁ በ1876 ባይሮይት ተከፈተች። ለጀርመን ኦፔራ የሚተርፍ ብር ያለው መስሎት ነበር፤ በዚያው ዓመት ግን የሀገሩን ዕዳ መክፈል አቁሟል።

አሁን ወደምወዳት ደብዳቤ ልምጣ። ኤፕሪል 12 ቀን 1872፣ አሁንም ለፎይስቴል። የበጀት ደብዳቤ ናት፣ ደረቅ መሆን ነበረባት። ዋግነር እንዲህ ይላል፦ ሕንጻውን እንደ ጊዜያዊ ነገር ብቻ ተመልከቱልኝ። ሙሉ በሙሉ ከእንጨት ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ለስፖርትና ለመዘምራን በዓል እንደሚቆሙት አዳራሾች። ጥንካሬው እንዳይወድቅ ያህል ይሁን፣ ከዚያ በላይ አያስፈልግም። እዚህ ላይ ቆጥቡ፣ ቆጥቡ፤ ጌጥ የሚባል አይኑር። የመድረኩ ማሽንና ትዕይንቱ ላይ ግን ምንም አትቆጥቡ፤ እሱ ለዘለቄታ እንደሚሠራ ሆኖ ፍጹም ይሁን።

የጉዳዩ ፍሬ ያለው እዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። 22 ዓመት ሙሉ ብዙ ነገር ለቋል፤ ነጻ መግቢያውን፣ አብዮቱን፣ ራይንን፣ ዙሪክን። ይቺን አለቀቀም። ብር ሲያጥር ከምኑ እንደሚቀነስ ያውቃል። ብዙ ሰው፣ እኛም ጭምር፣ መጀመሪያ የምናሳምረው የፊት ለፊቱን ግድግዳ ነው። እሱ ግድግዳውን ተውት አለ።

ከዚያች ደብዳቤ 40 ቀን በኋላ፣ ሜይ 22፣ በ59ኛ የልደት ቀኑ፣ የመሠረት ድንጋዩ ተጣለ። ዝናብ ይጥላል። ኮረብታው ጭቃ ነው። ከሉድቪግ የመጣው የደስታ ቴሌግራም ከድንጋዩ ጋር ተቀበረ። ዋግነር መዶሻውን አንስቶ ሦስት ጊዜ መታና «ድንጋዬ ሆይ ተባረክ፤ ረጅም ዘመን ቁም፣ አጥብቀህም ያዝ» አለ። ንግግሮቹ በዝናቡ ምክንያት ወደ አሮጌው ኦፔራ ቤት ተዛወሩ፣ እዚያው የቤቶቨን ዘጠነኛ ሲምፎኒ ተጫወተ። ወጣቱ ፈላስፋ ኒቼ በመልሱ ጉዞ አብሮት በሠረገላ ተሳፍሮ ነበር፤ ዋግነር ዝም ብሎ ወደ ውስጡ ሲያይ እንደነበር ከአራት ዓመት በኋላ ጽፏል።

ረጅም ዘመን ቁም! በኤፕሪል እንዳይወድቅ ያህል ይበቃል ያለው ሰው ነው በሜይ ይህን የሚለው። ዝም ያለበትን ምክንያት ኒቼ በትልቅ ፍልስፍና ይተረጉመዋል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ዳስ ሊጥል ወጥቶ ቤት እየሠራ መሆኑ የገባው ያን ጊዜ ነው። ግምት ነው፤ ማስረጃ የለኝም።

ሰርተፊኬቶቹ አልተሸጡም። በ1873 ክረምት ጣሪያው ቆመ፣ ካዝናው ግን ባዶ ነበር። ለጀርመኑ ቻንስለር ለቢስማርክ ጻፈለት፤ መልስ የለም። በ1874 መባቻ ላይ ለአንድ ደጋፊው በላከው ደብዳቤ ያልተዘጉትን ጎኖች በጣውላ ላስመታቸው ነው፣ ቢያንስ ጉጉት እንዳይሠፍርበት ብሎ ተሳለቀ። ከዚያ ጃንዋሪ 25 ከንጉሡ ደብዳቤ መጣ። «አይሆንም፣ አይሆንም፣ አሁንም አይሆንም! በዚህ መልኩ ማለቅ የለበትም!» ሉድቪግ 100,000 ታለር ሰጠ። ስጦታ እንዳይመስላችሁ፣ ብድር ነው፤ የዋግነር ወራሾች ከኦፔራዎቹ ገቢ ላይ እያነሱ ከፍለው ጨርሰውታል።

ቲያትሩ በኦገስት 13 ቀን 1876 በአራቱ ኦፔራዎች ተከፈተ። ያ ሰዓቱን እያየ የተቀመጠ ስደተኛ አሁን የጀርመንን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ቪልሄልምን እየተቀበለ ነው፤ የድሬስደንን አመጽ በመደምሰስ ዋግነርን ለስደት የዳረገው ጦር ውስጥ የዚሁ ንጉሠ ነገሥት ወንድም ወታደሮች ነበሩበት። የብራዚሉ ንጉሠ ነገሥት ዶም ፔድሮም መጥቷል። ከሙዚቃ ደራሲዎች ሊስት፣ ብሩክነር፣ ግሪግ፣ ሳን ሳንስ፣ ቻይኮቭስኪ አሉ። ወንበሩ ደረቅ እንጨት ነው፣ እንደ ስታዲየም ወደ ላይ ተደርድሯል፤ የመሳፍንት ሳጥን በጎን የለም። ኦርኬስትራው ከመድረኩ ሥር እየወረደ በሚሄድ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ ከላይ ሽፋን አለው። መሪውን አታየውም፣ ቫዮሊኑን አታየውም፤ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ሳታውቅ ይመጣልሃል።

በመክፈቻው ቀን ዋግነር ከመጋረጃው ጀርባ ለዘፋኞቹ አጭር ወረቀት ለጠፈ። ይቺም ደብዳቤ ናት ለኔ። ግልጽነት! ትልልቆቹ ኖታዎች በራሳቸው ይመጣሉ፤ ዋናው ትንንሾቹ ኖታዎችና ቃላቸው ነው። ለተመልካች ምንም አትናገሩ፣ እርስ በርሳችሁ ተነጋገሩ። ለብቻችሁ ስትናገሩ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች እዩ እንጂ ፊት ለፊት አትዩ። የመጨረሻ ምኞቴ፣ አትቀየሙኝ ወዳጆቼ። 26 ዓመት ደብዳቤ ጽፎ የመጨረሻዋ ሰዓት ላይ የሚያስጨንቀው ትንንሾቹ ኖታዎች ናቸው።

ከቲያትሩ ውጪ ግን ጉድ ነበር። የባይሮይት ምግብ ቤቶች ያን ሁሉ ሰው መመገብ አልቻሉም። ቻይኮቭስኪ ለአንድ የሩሲያ ጋዜጣ ሲዘግብ ሰው ከዋግነር ሙዚቃ ይልቅ ስለ ቁርጥ ሥጋና ስለ ድንች ነው የሚያወራው አለ። ኪሳራው ወደ 150,000 ማርክ (ታለርን የተካው ገንዘብ) ደረሰ። ዋግነር ለንደን ሄዶ ኮንሰርት መራ፣ ያገኘው ግን ኪሳራውን አልሸፈነም። ቲያትሩ ስድስት ዓመት ተዘጋ። በ1882 «ፓርሲፋል»ን ይዞ እንደገና ተከፈተ፤ የመራው ኸርማን ሌቪ ነው፣ የረቢ ልጅ። ኦርኬስትራው የሉድቪግ ስለነበር መሪውም አብሮት መጣ፤ ዋግነር ያልተመቸው ነገር ቢኖርም ዋጠው።

በዚያው ዓመት በሜይ ወር ዋግነር ፍሪድሪኽ ሾን ለተባለ ሀብታም ደጋፊው ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። አቅም የሌላቸው ሰዎች መግቢያም መንገድም ተከፍሎላቸው ፌስቲቫሉን የሚያዩበት ፈንድ ይቋቋም አለ። የ1850ው ነጻ መግቢያ ማለት ነው፣ ከ32 ዓመት በኋላ፣ በጓሮ በር። ፈንዱ ተቋቋመ። ዛሬም ወጣት ዘፋኞችንና ሙዚቀኞችን ወደ ባይሮይት ይልካል። ዋግነር ራሱ በሚቀጥለው ፌብሩዋሪ ቬኒስ ላይ ሞተ።

ይፈርሳል የተባለው ዳስ እየተጠገነ አሁንም ኮረብታው ላይ አለ፣ ወደ 1,900 ሰው ይይዛል፣ ድምፁ ጥሩ የሆነውም እንጨት ስለበዛበት ነው ይላሉ። ይቃጠላል የተባለው ኖታስ? ታትሞ በመላው ዓለም አለ። በዋግነር የእጅ ጽሑፍ የተገለበጡት ከአራቱ ኦፔራዎች የመጀመሪያዎቹ የሁለቱ ንጹህ ቅጂዎች ግን ለሉድቪግ ተሰጥተው ነበር። በ1939 የጀርመን ባለ ፋብሪካዎች ከንጉሡ ቤተሰብ ገዝተው ለሂትለር የ50ኛ ዓመት ልደቱ ስጦታ አደረጓቸው። ከ1945 በኋላ ያያቸው ሰው የለም።